ክሎኗ «ከፋኝ» ከማለቷ በፊት

ለወጣቶች የሚጻፍ የክሎን (ከአንድ ሰው ሴል የተሠራ የዘር ቅጂ) ልቦለድ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው አንድ ቦታ ላይ ነው። ባለታሪኳ እስከ አምስተኛው ምዕራፍ ድረስ እንደ ድንጋይ ቆይታ አንድ ማታ መስኮት አጠገብ ቆማ ድንገት «ለካ ፍቅር ማለት ይህ ነው» ትላለች። አንባቢዋ ደግሞ የ15 ዓመት ልጅ ናት። ስሜት ስሙን እየጠራ እንደማይመጣ፣ መጀመሪያ ሆድ ውስጥ ገብቶ ምግብ እንደሚከለክል፣ ምን እንደነበረ የሚታወቀው ቆይቶ እንደሆነ በየቀኑ እየኖረችው ነው። ያንን ገጽ አታምነውም።

በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ቋንቋው ራሱ መንገድ ጠርጎለታል። «ፈራሁ» እና «ከፋኝ» የሚሉትን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። «ፈራሁ» ስል የግሱ ባለቤት እኔ ነኝ። «ከፋኝ» ስል ግን ተሳቢ ነኝ፤ ማንነቱ ያልተነገረ አንድ ነገር መጥቶ እላዬ ላይ አርፏል። ራበኝ፣ ጠማኝ፣ በረደኝ፣ አመመኝ፣ ደከመኝ የሚባሉት በዚህ ቅርጽ ነው። ከፋኝ፣ ጨነቀኝ፣ ቆጨኝ፣ ናፈቀኝ፣ ደስ አለኝም እንዲሁ። በተቋም ያደገች ክሎን የመጀመሪያዎቹን አምስት ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቃቸዋለች፤ በየጠዋቱ ተጠይቃ መልሷ መዝገብ ላይ ይሰፍራልና። ሁለተኛዎቹን ለማለት አዲስ ሰዋስው አያስፈልጋትም፣ የጎደላት ቃሉ ብቻ ነው። ወደድኩ፣ ጠላሁ፣ ቀናሁ፣ ይቅር አልኩ የሚሉት ግን ባለቤት ይጠይቃሉ። ልቦለዱ በሙሉ ከ«ኝ» ተነስቶ ወደ «ሁ» እና «ኩ» የሚደረግ ጉዞ ሆኖ ሊጻፍ ይችላል።

ይህ እንዲይዝ ግን ከሥሩ ያለው ሳይንስ ልክ መሆን አለበት። በአፈጣጠሯ እንጀምር። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

ዶሊ የተባለችው በግ በ1996 የተወለደችው ስኮትላንድ ውስጥ፣ ከኤደንብራ ወጣ ብሎ በሚገኘው የሮዝሊን ተቋም ነው። ከአንዲት የስድስት ዓመት ነጭ ፊት በግ ጡት ሴል ተወሰደ። ለጥቂት ቀናት የሚመገበው ሴረም (ከደም የሚገኝ አልሚ ፈሳሽ) ተቀነሰበትና መባዛቱን አቁሞ እንዲያርፍ ተደረገ። ከሌላ ዝርያ በግ እንቁላል ተወስዶ የራሱ የዘር መረጃ ወጣለት። ከዚያ ሁለቱ ተጠግተው በኤሌክትሪክ ምት ተዋሐዱ። 277 ጊዜ ተዋሕደው ወደ ማህፀን ለመግባት የበቁት ሽሎች 29 ነበሩ፤ ወደ 13 በጎች ገቡ፤ የተወለደችው አንዲት ግልገል ናት። ያረገዘቻት በግ ጥቁር ፊት፣ ግልገሏ ነጭ ፊት መሆኗ ገና ሲያዩዋት ብዙ ነገር ይናገር ነበር።

ይህን ቁጥር ወደ ሰው አዛውሩት። ከአንዲት ሴት በአንድ የሆርሞን ሕክምና ዙር በአብዛኛው የሚገኘው ከ10 እስከ 15 እንቁላል ነው። 277 እንቁላል ለመሰብሰብ ከ19 እስከ 28 ሴቶች ያስፈልጋሉ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ የሚያረግዙ 13 ሴቶች። ሻንጋይ ላይ በ2017 መጨረሻ የተወለዱት ሁለቱ የተክሎኑ ዝንጀሮዎች የመጡት ወደ 21 እናቶች ከገቡ 79 ሽሎች ነው፤ ስድስቱ አረገዙ፣ ሁለት ተወለዱ። ለዚያውም ሴሉ የተወሰደው ከጽንስ ነበር። ከአዋቂ ዝንጀሮ ሴል 181 ሽሎች ተሠርተው ወደ 42 እናቶች ሲገቡ የተወለዱት ሁለቱ ወዲያው ሞተዋል። ስለዚህ «ዶክተሩ ምድር ቤት ውስጥ ብቻውን ሠራት» የሚለው ታሪክ አይቆምም። ብዙ ሴቶች ያውቃሉ፤ ገንዘብ የተቀበለች አለች፣ ያስወረዳት አለች፣ ወልዳ ልጁን ያልታቀፈች አለች። ከእነዚህ አንዷን ወደ ታሪኩ ያላመጣ ደራሲ ትልቅ ሀብት ጥሎ ሄዷል። የጽዳት ሠራተኛ አድርጋችሁ አስገቧት። ሲወለድ ሕፃን በማህፀን ሳለ የሰማውን የእናቱን ድምፅ ከሌላ ሴት ድምፅ ይለያል። ልጅቷ በ16 ዓመቷ ያንን ታስታውሳለች ማለት ግን ውሸት ነው። ሴትዮዋ ኮሪደሩን እየወለወለች ስታንጎራጉር የኖረች ከሆነ ግን ድምፁ ከልጅቷ ሕይወት ወጥቶ አያውቅም፤ ይህ ይበቃል።

ክሎን በማህፀን ፈንታ የሚያድግበትን የመስታወት በርሜል ተዉት። በ2017 ፊላደልፊያ ውስጥ የበግ ጽንሶች ፈሳሽ በሞላበት ከረጢት እስከ አራት ሳምንት ቆይተዋል፤ እነሱ ግን ማህፀን ውስጥ አብዛኛውን ዕድገታቸውን የጨረሱ ነበሩ። ከመጀመሪያው ቀን እስከ ልደት በበርሜል ማሳደግ የደራሲው ፈጠራ ነው። ፈጠራው ይፈቀዳል፣ የሚያስከፍለው ግን ያረገዘቻትን ሴት ነው።

ዕድሜ ላይ ደግሞ አትደራደሩ። ክሎን ሕፃን ሆና ትወለዳለች። የ16 ዓመት ክሎን የምትፈልጉ ከሆነ 16 ዓመት ከዘጠኝ ወር በፊት የወሰነ ሰው አለ ማለት ነው። ይህ የታሪኩን ምክንያት ወዲያው ይለውጠዋል። «ሚሊየነሩ ኩላሊቱ ስለደከመ ክሎን አሠራ» ብትሉ ሰውየው ኩላሊቱ እስኪያድግ ይሞታል። የአካል ክፍል ሐሳቡ በራሱ ሞኝነት የለበትም። በ1954 ቦስተን ውስጥ የተሳካው የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተደረገው በአንድ ዓይነት መንትዮች መካከል ነው፣ ሰውነት የመንትያውን ኩላሊት እንደ ባዕድ አልቆጠረውምና። ነገር ግን ዕቅዱ ከአሥር ዓመት በላይ አስቀድሞ የተያዘ፣ በየዓመቱ የሚከፈልበት መሆን አለበት። ሌላ ምክንያትም አለ፤ የሞተ ልጅን መተካት። ለእኔ ይህኛው ይበልጣል። ከጨካኝ ሰው ይልቅ ያዘነ ሰው ስላለበት፣ ልጅቷ ከተወለደች ቀን ጀምሮ የሌላ ልጅ ልብስ ስለምትለብስ።

ልብሱ ልክ የማይሆንበት ምክንያትም አለ። በ2001 መጨረሻ ቴክሳስ ውስጥ የተወለደችው የመጀመሪያዋ ክሎን ድመት ሲሲ ትባላለች። ሴሏ የተወሰደው ብርቱካናማ፣ ጥቁርና ነጭ ካላት ድመት ነው፤ ሲሲ ግን ብርቱካናማ የሚባል ቀለም ጭራሽ አልነበራትም። እንስት ሁለት ኤክስ ክሮሞዞም (የዘር መረጃ የተሸከመ ክር) አላት፤ በእያንዳንዱ ሴል ከሁለቱ አንዱ ይዘጋል። ሲሲ የመጣችበት ሴል የብርቱካናማውን ቀለም መረጃ የያዘውን የዘጋ ነበር። ከዚህ በተጨማሪ የክሎኗ ሚቶኮንድሪያ (የራሱ ዘረመል ያለው የሴል ኃይል አመንጪ) በአብዛኛው የሚመጣው ከእንቁላሉ ባለቤት ነው፤ 37 ዘረመሎች፣ ከ20,000 ገደማ ውስጥ። ትንሽ ነው፣ ግን «መቶ በመቶ አንድ ናችሁ» የሚለውን ሰው ሐሰተኛ ለማድረግ በቂ ነው። ትዝታ ደግሞ በዘረመል አይተላለፍም። ክሎኗ የማታውቀውን ቤት በሕልሟ የምታይበት ምዕራፍ ካላችሁ፣ ፎቶውን ያሳያት ሰው ፈልጉላት።

«ክሎን ቶሎ ያረጃል» የሚለውም በደንብ ይታይ። ዶሊ በ2003 በስድስት ዓመቷ የሞተችው በሳንባ ዕጢ ነው፤ ዕጢውን ያመጣው በበጎች መካከል የሚተላለፍ ቫይረስ ነው። የክሮሞዞሞቿ ጫፍ ከእኩዮቿ አጠር ማለቱ በ1999 ተነግሮ ነበርና ሁለቱ ተያይዘው ወሬ ሆኑ። ከዚያው የሴል ዘር የተገኙ አራት «እህቶቿ» ግን በ2016 ሲመረመሩ በእርጅናም ደህና ነበሩ። የመጀመሪያው አደጋ ከወሊድ በፊትና በወሊድ ሰሞን ነው፤ ከመጠን በላይ የሚገዝፍ ጽንስ፣ የእንግዴ ልጅ ችግር፣ መተንፈስ ያቃተው ግልገል። ልጅቷ በ17 ዓመቷ ጸጉሯ እንዲሸብት አታድርጉ። ከእሷ በፊት ያልተወለዱትን ቁጠሩ፤ ቁጥሯ «ሰባት» ከሆነ ስድስቱ የት ናቸው? ይህ ጥያቄ ከሽበቱ ይልቅ ያስፈራል።

የጣት አሻራ የሚጻፈው በዘረመል ብቻ ሳይሆን በማህፀን ውስጥ ባለው ግፊትና እንቅስቃሴም ስለሆነ መንትዮችም አሻራቸው ይለያያል። የዓይን አይሪስም (በብሌኑ ዙሪያ ያለው ባለቀለም ክብ) እንደዚያው። ክሎኗ በባለሴሏ፣ ማለትም ሴሉ በተወሰደባት ሴት፣ አሻራ የሚከፈት በር መክፈት አትችልም። ታሪካችሁ አዲስ አበባ ላይ ከሆነ ይህ ወርቅ ነው። ለፋይዳ መታወቂያ ሲመዘገቡ ፊት፣ አሻራና አይሪስ ይወሰዳል። ፊታቸው አንድ የሆነ ሁለት ሴቶች ቢመዘገቡ ማሽኑ አሻራቸውንና ዓይናቸውን አይቶ ሁለት ሰው ናቸው ይላል። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ «የእሷ ቅጂ ነሽ» የተባለች ልጅ፣ የምዝገባ ጣቢያ ውስጥ ወረፋ ጠብቃ፣ እጇን መስታወቱ ላይ አድርጋ ሌላ ሰው መሆኗን ትሰማለች። ቅጹ ላይ ግን የአባት ስም ይጠየቃል። በዘር ሐሳብ ከሄድን ባለሴሏና ክሎኗ መንትያ ናቸው፤ የባለሴሏ እናትና አባት የክሎኗም እናትና አባት ናቸው። ልክ የሚሆነው መልስ የባለሴሏ አባት ስም ነው። ያንን ስም ጽፋ ትሄዳለች ወይስ ባዶውን ትተወዋለች? ሌላ ቋንቋ የቤተሰብ ስም ብሎ የሚያልፈውን እኛ «የማን ልጅ ነሽ?» ብለን ነው የምንጠይቀው።

አሁን ወደ ስሜቱ። ያለ እናት በፈረቃ ሠራተኞች ያደገ ሕፃን ምን እንደሚመስል መገመት አያስፈልግም፤ ተጽፏል። ከ1989 በኋላ የሩማንያ የሕፃናት ማሳደጊያዎች ለውጭ ሰው ሲከፈቱ የገቡ ሰዎችን ያስደነገጣቸው ዝምታው ነበር። ሕፃን የሚያለቅሰው የሚመጣ ሰው ሲኖር ነው፤ ደጋግሞ አልቅሶ ማንም ካልመጣ ያቆማል። በ2000 ቡካሬስት ውስጥ 136 ሕፃናትን ይዞ የተጀመረ ጥናት ግማሾቹን ወደ አሳዳጊ ቤተሰብ አስገባ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የገቡት ከሰው ጋር መተሳሰርን የተሻለ መለሱት። በእነዚህ ልጆች ላይ የታየው ስሜት አልባነት አይደለም። አንዳንዱ ራሱን ወደፊትና ወደኋላ እያወዛወዘ ራሱን ያባብላል። አንዳንዱ ከማያውቀው ሰው ጋር እጅ ለእጅ ተያይዞ ሳይዞር ይሄዳል። አንዳንዱ ወድቆ ጉልበቱ ሲደማ ወደ ማንም አያይም።

እነዚህ ሦስቱ ከ«እንደ ድንጋይ ነበረች» መቶ እጥፍ ይሻላሉ። ልጅቷ ስትወድቅ ማንንም ሳትፈልግ ጉልበቷን በራሷ ስታጥብ ጻፉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከግቢው የወጣች ዕለት የታክሲ ረዳቱን እጅ ትያዝ። አንባቢዋ የተጎዳውን ነገር ከባለታሪኳ ቀድማ ታያለች፤ ሁለቱ እኩል ካወቁ ውጥረት የለም።

ቀጥሎ የሚመጣው ሥራ አሰልቺ ነው፣ ግን አትዝለሉት። ሠንጠረዥ ሥሩ፤ በቀን ማን ያናግራታል፣ ስንት ደቂቃ፣ ስለ ምን። ሁለት ነርሶች በፈረቃ፣ አንድ ሐኪም በሳምንት አንዴ፣ አንድ አስተማሪ፣ ዘበኛ፣ ጽዳት ሠራተኛ። ከዚያ ልጅቷ የምትናገረውን እያንዳንዱን ፈሊጥ «ከማን ሰማችው?» ብላችሁ ጠይቁ። «አንጀቴ ተላወሰ»፣ «ሆዴ ባባ» የሚሉት ከአያት፣ ከጎረቤት፣ ከለቅሶ ቤት የሚወረሱ ናቸው። ለቅሶ ቤት ሄዳ የማታውቅ ልጅ «አንጀቴ ተላወሰ» ካለች የተናገራችሁት እናንተ ናችሁ። እሷ ያላት የምርመራ ክፍል አማርኛ ነው፤ የት፣ መቼ ጀመረ፣ ከምግብ በፊት ነው በኋላ። በዚያ አማርኛ ሐዘን እንዲህ ይነገራል (አሥራ አንድ የሌላ ክሎን መጠሪያ ቁጥር ነው)፦

«ሲስተር፣ ሆዴን አመመኝ።»

«የት ላይ?»

እጄን አስቀመጥኩ። እዚያ አልነበረም። ትንሽ ከፍ አደረግኩት፣ እዚያም አልነበረም።

«ከምግብ በፊት ነው በኋላ?»

«የአሥራ አንድን ፍራሽ ከጠቀለሉት በኋላ።»

ሲስተር እስክሪብቶዋን አነሳች። መዝገቡ ላይ ለዚያ የሚሆን ሣጥን ያጣች መሰለኝ፣ መልሳ አስቀመጠችው።

ስሜቱ በስሙ አልተጠራም፣ ግን ማንም አይስተውም። ስሙ ሲመጣ ደግሞ ከልጅቷ አፍ መጀመር የለበትም። ልጅ «ከፋኝ» ማለትን የሚማረው ራሱን መርምሮ አይደለም፤ ሰው ፊቱን አይቶ «ከፋህ እንዴ?» ሲለው ነው። ቃሉ በጥያቄ፣ በሁለተኛ መደብ ይመጣል። ጽዳት ሠራተኛዋ መወልወያዋን አቁማ «ከፋሽ?» ትበል። ልጅቷ መልስ አትስጥ። ሦስት ምዕራፍ ቆይታ፣ ብቻዋን ስትሆን፣ «ሽ»ን በ«ኝ» ለውጣ ትሞክረው።

«አይዞሽ» ከሁሉም የከበደ ነው። የሚነገረው ተናጋሪው አንድ ነገር ካየብሽ በኋላ ነው፤ መድኃኒትም ምክርም የለበትም፣ ግን ሰው አጠገብሽ ቆሟል። በየገጹ ከበተናችሁት ያልቃል። እስከ መጽሐፉ አጋማሽ ማንም እንዳይለው ከልክሉና አንድ ጊዜ አስብሉት፤ ያንን ምዕራፍ ጮክ ብላችሁ አንብቡት።

በ60,000 ቃል፣ በ30 ምዕራፍ ብናስብ እኔ እንዲህ እከፍለዋለሁ። እስከ ዘጠነኛው ምዕራፍ ራበኝ፣ በረደኝ፣ አመመኝ ብቻ። አሥረኛው ላይ «ከፋሽ?»፣ አሥራ ሦስተኛው ላይ «ከፋኝ»። «ናፈቀችኝ» ከአሥራ አምስተኛው በፊት አይመጣም፤ ይህ ግስ የሚናፈቀውን ሰው ጾታ በግድ ያስነግራልና። ወንድ ከሆነ ናፈቀኝ፣ ሴት ከሆነች ናፈቀችኝ፤ ልጅቷ አይታት የማታውቀውን ባለሴሏን ስትናፍቅ «ች»ን ማስገባቷ በራሱ ዕውቅና ነው። «ወደድኩ» ከሃያኛው በኋላ። «ይቅር አልኩ» ጨርሶ ላይመጣም ይችላል፤ አታስገድዷት። አሥራ ስድስት ዓመት ቅጂ ስትባል ከኖረች ልጅ ያንን ቃል መጠየቅ የማንም መብት አይደለም።

በአማርኛ የማይሠራ አንድ ዘዴም አለ። በእንግሊዝኛ ክሎኑን ለዕቃ በሚነገር ተውላጠ ስም እየጠሩ ቆይተው በመጨረሻ «እሷ» ማለት ይቻላል። የእኛ ግስ ግን ጾታ ሳይመርጥ አይንቀሳቀስም። በምትኩ የተቋሙን መዝገብ ተጠቀሙ። «ናሙና 7 ተመዝኗል፣ ታጥቧል፣ ተመግቧል»፤ ለዕቃም ለናሙናም የሚሆን አጻጻፍ ነው። አንድ ሌሊት አዲስ ተረኛ ነርስ ሳታስብ «ተመግባለች» ብላ ትጻፍ። በማግስቱ አለቃው በቀይ ይሰርዘው። ልጅቷ ያንን ስርዝ ስታገኘው ምንም ንግግር አያስፈልግም። «ተሠራሁ» እና «ተወለድኩ» የሚሉትንም እንዲሁ ለዩ፤ አንዴ ከቀየረችው ወደኋላ አትመልሷት።

አጠራር ላይ ሠራተኞቹ ሁሉ «ሲስተር» እና «ዶክተር» ናቸው፤ ዘበኛው «ጋሼ»። ከእነዚህ መሐል አንዷን «እትዬ» ብላ በስሟ መጥራቷ ራሱን የቻለ ትዕይንት ነው፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር አትጨርሱት። እርስ በርሳቸው ክሎኖቹ በቁጥር ይጠራራሉ፣ ሕፃናት ሆነው የጀመሩትን የጨዋታ ስም ግን ሠራተኛ በሌለበት ይጠቀሙበታል። የጨዋታው ስም ከየት መጣ? ከምግብ፣ ከአልጋው ቦታ፣ ከሚወድቅ ጥርስ። ትልቅ ትርጉም ያለው ስም አትስጧቸው፤ ሕፃናት ናቸው ያወጡት።

የመጨረሻው ፈተና ባለሴሏና ልጅቷ ሲገናኙ ነው። ባለሴሏ 44 ዓመቷ ነው እንበል። በዘር መንትያ፣ በዕድሜ እናት፣ በኑሮ ባዕድ። ልጅቷ ከምታውቀው ሥርዓት የሚመጣው «እርስዎ» ነው፤ ከተቋሙ አዋቂዎች ጋር ሁሉ ያወራችው በእሱ ነውና። ለእህት የሚባለው ደግሞ «አንቺ» ነው። አብዛኛው ረቂቅ እዚህ ሁለቱን አስተቃቅፎ፣ አስለቅሶ፣ «እኔና አንቺ አንድ ነን» አስብሎ ይበላሻል። እንደማይተዋወቁ ሰዎች ቆመው ይተያዩ። ሴትዮዋ በሩን ገርበብ አድርጋ ትያዘው። ልጅቷ በልቧ ስታጠናው የመጣችውን ዓረፍተ ነገር በአክብሮት ጀምራ ግሱ ላይ ይምለጣት፦

«እርስዎ… እዚህ ነው የምትኖሪው?»

ቀጣዩን መስመር ለሴትዮዋ ተዉላት።